ሠራተኛን የማያንገላታ የሺፍት ፕሮግራም እንዴት ይወጣል? ለካፌና ለሬስቶራንት ባለቤቶችና ሱፐርቫይዘሮች

አስተናጋጅ ሆኜ በምሠራበት ካፌ አንዲት እቃ አጣቢ ነበረች። ቤቷ ኮዬ ፈጬ ነው፣ ካፌው ቦሌ። ማታ 3 ሰዓት ተኩል ላይ የመጨረሻውን ብርጭቆ አድርቃ ልትወጣ ስትል ሱፐርቫይዘሩ «ነገ ጠዋት ግቢ» ይላታል። ጠዋት ማለት 12 ሰዓት ነው። ታክሲ ተሰልፋ ቤቷ እስክትደርስ 5 ሰዓት ያልፋል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ደግሞ ተነስታ መውጣት አለባት። ስለዚህ አትሄድም ነበር። አንድ ቀን ጠዋት የእስቶሩን በር ስከፍት በስኳር ጆንያዎቹ መሀል ካርቶን አንጥፋ፣ ጫማዋን በጋዜጣ ጠቅልላ ተንተርሳ ተኝታ አገኘኋት። ያ ነገር እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

እሷን ቤቷ ለማሳደር ተጨማሪ ሰው መቅጠር አያስፈልግም ነበር። ብርም አያስፈልግም። በማግስቱ ጠዋት በእሷ ቦታ ሌላ ሰው ቢገባ ያልቅ ነበር። ግን የተጻፈ ፕሮግራም አልነበረንም። ሁሉም ነገር ያለው ሱፐርቫይዘሩ ጭንቅላት ውስጥ ነው።

በኋላ እኔም ሱፐርቫይዘር ሆንኩ፣ ፕሮግራም ማውጣትም የእኔ ሥራ ሆነ። በወር ጥቂት ሺህ ብር ለሚያገኝ ሰው የሥራ ሰዓቱ ከደመወዙ አይለይም። መቼ እንደሚገባ ካላወቀ የማታ ትምህርት መማር፣ ልጅ የሚይዝለት ሰው ማመቻቸት፣ ዕቁብ ላይ መገኘት አይችልም። ደመወዝ መጨመር ለብዙ ባለቤት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ሰዓትን አስቀድሞ ማሳወቅ ግን ወረቀትና እስክሪብቶ ነው የሚፈልገው። እንዴት እንደሚሠራ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

1. መጀመሪያ ገበያውን በሰዓት ቁጠሩ

ፕሮግራም የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በግምት ስለሚወጣ ነው። ባለቤቱ «ማታ ማታ እንጨናነቃለን» ይላል፣ ደረሰኙ ግን ሌላ ይናገራል። ካሽ ማሽኑ እያንዳንዱ ደረሰኝ ላይ ሰዓት ያትማል። የ4 ሳምንት ደረሰኝ አውጡና በየሰዓቱ ስንት ቢል እንደተቆረጠ ደብተር ላይ ጻፉ። 4 ሳምንት ያልኩት ደመወዝ የሚከፈልበት ሳምንትም፣ ወር ሊያልቅ ሲል ገበያ የሚቀዘቅዝበትም እንዲገባ ነው።

ረቡዕና ዓርብን ለብቻ ጻፉ። የጾም ቀን ማኪያቶና ኬክ ይቀንሳል፣ በያይነቱ ይጨምራል። ስለዚህ በእነዚያ ቀናት ጫናው ከባሪስታው ወደ ወጥ ቤት ይሄዳል። የሰው ብዛት ሳይቀየር፣ ማን የት ይቁም የሚለው ብቻ ይቀየራል። ይህን ሳናውቅ ስንት ዓርብ ወጥ ቤቱ ሲቃጠል ባሪስታዎቹ ቆመው እንዳየን!

ከዚያ አንድ ነገር አክሉ። ባለፈው ወር ሠራተኛ ባልታሰበ ሰዓት የተጠራበትን ወይም እንዲቆይ የተደረገበትን እያንዳንዱን ቀን ከነምክንያቱ ጻፉ። እኔ ስጽፍ በደንበኛ መብዛት የመጣው ትንሽ ነበር። የሚበዛው ከእኛው ከራሳችን የመጣ ነው። ዕቃ አቅራቢው ማታ እንዲመጣ ስለተነገረው፣ የባለቤቱ እንግዶች ስለመጡ፣ ትልቁ ጽዳት ድንገት ዛሬ ይሁን ስለተባለ። አሜሪካ ውስጥ የጋፕ የልብስ ሱቆች በሳን ፍራንሲስኮና በቺካጎ በሚገኙ 28 መደብሮች ላይ የተረጋጋ ሺፍት ሞክረው ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ሲሆን ተመራማሪዎቹ ያገኙት ተመሳሳይ ነገር ነው። ፕሮግራሙን የሚያናጋው በአብዛኛው የደንበኛው ፍሰት ሳይሆን ከዋና መሥሪያ ቤት የሚመጣ ድንገተኛ ለውጥ ነበር። ሺፍቱ በተረጋጋባቸው ሱቆች ሽያጭ ወደ 7 በመቶ ጨምሯል። ሺፍት ማስተካከል ገንዘብ ያስወጣል ብሎ ለሚፈራ ባለቤት ይህን ቁጥር ንገሩት።

2. ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ አስሉ

ምሳሌ ልስጥ። ካፌው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ክፍት ነው እንበል። ግርግሩ ጠዋት ከ1 እስከ 3፣ ምሳ ላይ ከ6 እስከ 8፣ አመሻሹ ላይ ከ11 እስከ 1 ሰዓት ነው። ሦስት ሺፍት ይበቃል፦

- ጠዋት፦ ከ12 እስከ 8 ሰዓት፣ 3 አስተናጋጅ
- መሀል፦ ከረፋዱ 5 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት፣ 1 አስተናጋጅ
- ማታ፦ ከቀኑ 7 እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት፣ 2 አስተናጋጅ

በቀን 6 ቦታ፣ በሳምንት 42 ሺፍት ማለት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። በየ7 ቀኑም ቢያንስ 24 ሰዓት ያልተቆራረጠ ዕረፍት አለ። ስለዚህ አንድ ሰው በሳምንት 6 ሺፍት ይሠራል። 42 ለ6 ሲካፈል 7 ሰው።

እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። 6 ቦታ ስላለ 6 ሰው ይቀጥሩና ኦፍ የሚወጣ ሰው ባለ ቁጥር ሌላው ደርቦ ይሠራል። በ6 ሰው የሚሠራ ፕሮግራም ምንም ብታደርጉት ፍትሐዊ አይሆንም።

የዓመት ፈቃድም አትርሱ። አንድ ዓመት የሠራ ሰው 16 የሥራ ቀን አለው፣ ከዚያ በየ2 ዓመቱ 1 ቀን ይጨመራል። ለ7 ሰው ቢያንስ 112 ቀን ነው። ይህ ከአንድ ሰው የዓመት ሥራ ከሲሶ ይበልጣል። የሚታመም አለ፣ የሚወልድ አለ። ስለዚህ ከወጥ ቤት ወይም ከካሸር አንድ ሰው መስተንግዶም አሠልጥኑ፣ ለዚህም ደመወዙ ላይ ጨምሩለት። ሁለት ሥራ የሚችል ሰው ነገ ሱፐርቫይዘር ይሆናል። እቃ አጣቢዋን ባሪስታ እንድትለምድ ብታደርጉ ደግሞ እሷም መንገድ ይከፈትላታል። ከማጠቢያው ገንዳ ፊት ለ5 ዓመት የቆመ ሰው ማየት በጣም ያሳዝነኛል።

3. ጠይቃችሁ ሙሉት

ፕሮግራሙን ከመሙላታችሁ በፊት ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ወረቀት ስጡና ሦስት ነገር ያስጽፉ። የት ነው የምትኖረው? በሳምንት ውስጥ የማይቀየር ነገር ምን አለህ? ሺፍት ብትመርጥ የቱን ትወዳለህ? መልሱ ያስገርማችኋል። አንዷ ኤክስቴንሽን ትማራለች፣ ማታ አይሆንላትም። አንዱ የዓርብ ጁምዓ ሰላት እንዳያመልጠው ይፈልጋል፣ ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ተኩል የሚሸፍንለት ሰው ብቻ ነው የጎደለው። ሌላዋ ልጇን ጠዋት ትምህርት ቤት አድርሳ መምጣት ትፈልጋለች። ማታን የሚወድ ሰውም አለ፣ ማታ ቲፕ ስለሚሻል። እነዚህን ሰዎች እርስ በርስ ማገጣጠም እንደሚመስለው ከባድ አይደለም።

ከዚያ ዑደቱን ሥሩ። ለ7 ሰው የሚሆነው ይህ ነው፦ ጠዋት፣ ጠዋት፣ ጠዋት፣ መሀል፣ ማታ፣ ማታ፣ ኦፍ። ሁሉም ይህንኑ ተራ ይይዛል፣ ግን እያንዳንዱ ከሌላው በአንድ ቀን ዘግይቶ ይጀምራል። ወረቀት ላይ ብትሞክሩት በየቀኑ ልክ 3 ጠዋት፣ 1 መሀል፣ 2 ማታ፣ 1 ኦፍ ይመጣል።

የዚህ ዑደት ትልቁ ጥቅም ማታ የወጣ ሰው በማግስቱ ጠዋት አለመግባቱ ነው። ከማታ በኋላ ወይ ሌላ ማታ ወይ ኦፍ ነው ያለው። የመጨረሻዋን ማታ 3 ሰዓት የወጣች ልጅ የምትመለሰው ከ33 ሰዓት በኋላ ነው። በአንድ መውጫና በቀጣዩ መግቢያ መካከል ቢያንስ 11 ሰዓት ይኑር። ይህን ደንብ አታላሉት። ሲያትል ብዙ ሐበሻ ይኖራል። እዚያ ዘመድ ያላችሁ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ስለሚሠራው የሺፍት ሕግ ሰምታችሁ ይሆናል። ትልልቅ የችርቻሮና የምግብ ድርጅቶች 10 ሰዓት ሳያሳርፉ ሠራተኛ ቢያስገቡ፣ ለጎደለው ሰዓት የሰዓቱን ደመወዝ አንድ ተኩል እጥፍ ይከፍላሉ።

የሰንበት ኦፍ ያው ሁልጊዜ ለአንድ ሰው እንዳይሆን በየሦስት ወሩ ተራ ይቀያየሩ። ሲቀያየሩ ማንም ከ6 ቀን በላይ ሳያርፍ እንዳይሠራ እያያችሁ በእጅ አስተካክሉ። ነፍሰ ጡር ካለች ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አትመደብም፣ ትርፍ ሰዓትም አትሠራም። ይህ ሕግ ነው።

ስለ «አንድ ቀን ሙሉ፣ አንድ ቀን ኦፍ» ላንሳ። ብዙ ቤት በዚህ ይሠራል፣ ብዙ ሠራተኛም ይወደዋል። ምክንያቱ የታክሲ ወጪው በግማሽ መቀነሱ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከየካ አባዶ ለሚመጣ ሰው ይህ ቀላል ብር አይደለም። ግን 15 ሰዓት በእግር መቆም ሰው ይጎዳል፣ ሕጉም አይፈቅድም። ሕጉ የሚለው በአንዳንድ ቀን ሰዓቱን ቀንሶ በሌላው ቀን መጨመር ይቻላል፣ ጭማሪው ግን በቀን ከ2 ሰዓት አይበልጥም ነው። ስለዚህ ሠራተኛው ከተስማማ 4 ቀን 10 ሰዓት፣ 1 ቀን 8 ሰዓት ይሥራ። 48 ሰዓት ይሞላል፣ 2 ቀን ያርፋል፣ የአንድ ቀን ታክሲም ይተርፈዋል።

4. ከ2 ሳምንት በፊት ለጥፉ

ሠራተኛ ልብስ የሚቀይርበት ክፍል በር ላይ ይለጠፍ። ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥም ፎቶው ይግባ። ወረቀቱ ላይ የወጣበት ቀንና የሱፐርቫይዘሩ ፊርማ ይኑር። ከተለጠፈ በኋላ ባለቤቱም ቢሆን ሠራተኛውን ሳይጠይቅ አይቀይርም። እዚህ ላይ ጠንከር በሉ። እኔ ይህን ሳስጀምር ባለቤቱ መጀመሪያ ተቆጡ፣ «የራሴ ቤት አይደለም እንዴ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ አንድ ወር ብቻ ይሞክሩት» ብዬ ለመንኳቸው። በወሩ መጨረሻ ማታ ማታ የሚደወልላቸው ስልክ ቀነሰ። ከዚያ በኋላ አልተመለስንም።

ለውጥ ግድ ሲሆን ደግሞ ዋጋ ይኑረው። ከ2 ቀን ባነሰ ጊዜ ተጠርቶ የመጣ ሰው የተወሰነ ብር ይታሰብለት፣ ለምሳሌ የአንድ ሰዓት ደመወዝ። ትንሽ ነው። ግን ባለቤቱ ከመደወሉ በፊት ሁለቴ ያስባል።

5. መቀያየርና መቅረት

ለቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ፣ የታመመ ልጅ አለ። ሠራተኞች እርስ በርስ ሺፍት እንዲቀያየሩ ፍቀዱ፣ ሁለት ቅድመ ሁኔታ ብቻ አስቀምጡ። አንደኛ፣ ሁለቱም ግሩፑ ላይ «ተስማምተናል» ብለው ይጻፉ። ሁለተኛ፣ ቅያሪው የ11 ሰዓቱን ዕረፍት እንዳይሰብር። ከዚያ ውጭ ለምን ብላችሁ አትጠይቁ።

የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ ልጅ ወይም ሌላ በሕጉ የተዘረዘረ ዘመድ ሲሞት 3 የሥራ ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ለሠርግም እንዲሁ 3 ቀን። ሚስቱ ለወለደች አባት 3 ተከታታይ ቀን አለ። ከዚህ ውጭ ያልታሰበ ከባድ ነገር ሲያጋጥም ያለ ክፍያ እስከ 5 ተከታታይ ቀን፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ይፈቀዳል። ብዙ ሠራተኛ ይህን አያውቅም፣ ለቅሶ ሄዶ ሲመለስ ሥራው ተወስዶ ያገኘዋል። እናንተ ንገሩት።

6. ብሩን በግልጽ አስሉ

ሰዓቱ ቢስተካከልም ሒሳቡ ከተድበሰበሰ ሠራተኛ አያምናችሁም። የሰዓት ደመወዝ የሚገኘው የወሩን ለ208 በማካፈል ነው፣ 26 ቀን በ8 ሰዓት ሲባዛ ማለት ነው። 6,240 ብር የሚያገኝ ሰው የሰዓቱ 30 ብር ነው። ትርፍ ሰዓት እንዲህ ይታሰባል፦

- ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በ1.5፣ 45 ብር
- ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ 52.50 ብር
- በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ 60 ብር
- በሕዝብ በዓል ቀን በ2.5፣ 75 ብር

አንድ ልጅ ሺፍቱ 2 ሰዓት ላይ አልቆ እስከ ሌሊቱ 5 ቢቆይ፣ ሁለቱ ሰዓት 90 ብር፣ ሦስተኛው 52.50፣ በድምሩ 142.50 ብር ይደርሰዋል። ይህን ቁጥር በዚያው ሌሊት መዝገብ ላይ ጻፉና ያስፈርሙት። የወር መጨረሻ ክርክር ግማሹ እዚህ ያልቃል። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 እንደማይበልጥም አስታውሱ። ኦፍ የወጣ ሰው ብትጠሩ ደግሞ ሌላ የዕረፍት ቀን ስጡት።

መብራት ሲጠፋ «ወደ ቤታችሁ ሂዱ፣ ዛሬ አይታሰብም» ማለት ልማድ ሆኗል። አይቻልም። ሠራተኛው ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ በእሱ ባልሆነ ምክንያት ካልሠራ ደመወዙ ይከፈለዋል። ውሃ ሲጠፋም፣ ዕቃ ሲዘገይም ያው ነው።

ቢል ሳይከፍል የሄደ ደንበኛና የተሰበረ ብርጭቆ ብዙ ልጆችን አስለቅሷል። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልፈቀደ፣ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር ከደመወዝ መቁረጥ ክልክል ነው። ሲቆረጥም ከወር ደመወዙ ሲሶ አያልፍም። እኔ የማደርገው፣ በወር ለሚሰበር ዕቃ ከካፌው ወጪ ትንሽ በጀት መያዝ ነው። መስበር አልበዛም።

ቲፕ ላይ አንድ ነገር ብቻ። የሚከፋፈል ከሆነ ክፍፍሉ ተጽፎ ይለጠፍ፣ እቃ አጣቢውም ድርሻ ይኑረው።

7. ማታ የሚዘጉትን ቤታቸው አድርሱ

የማታ ሺፍት የሚያልቀው 3 ሰዓት ነው ብላችሁ እሷ 3 ሰዓት ትወጣለች ማለት አይደለም። ወንበር ይነሳል፣ ወለል ይታጠባል፣ ሒሳብ ይዘጋል። ያንን ግማሽ ሰዓት ሺፍቱ ውስጥ አስገቡት፣ ወይም ትርፍ ሰዓት ብላችሁ ክፈሉት። ከዚያ በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱትን በአንድ ማታ መድቡና አንድ ራይድ ጥሩላቸው። አንዷን ብቻዋን ጨለማ ውስጥ ታክሲ ከማስጠበቅ ይህ በጣም ይሻላል። ቅርብ የሚኖረውን ሁልጊዜ ማታ መመደብ ግን ልክ አይደለም፣ ቅርብ መኖሩ ቅጣት ይሆንበታል።

8. ጾምና በዓል

ሥጋ የምትሸጡ ከሆነ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ገበያ እንደሚቀዘቅዝ አስቀድማችሁ ታውቃላችሁ። ሰው ከማሰናበት ከሠራተኛው ጋር ተነጋግራችሁ የዓመት ፈቃዱን በዚያ ጊዜ አድርጉት። ቀለም መቀባትና ትልቅ ጽዳትም ያኔ ይሁን። ፋሲካ፣ ኢድ፣ እንቁጣጣሽና ጥምቀት ላይ ማን እንደሚሠራ ከወር በፊት ይታወቅ፣ ገና የሠራ ፋሲካ ይረፍ። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በበዓል ሲሸፋፈኑ ማየት ደስ ይላል፣ ሳይነገራቸውም ያደርጉታል። በበዓል ቀን የተሠራ መደበኛ ሰዓት በእጥፍ ይከፈላል። በረመዳን የሚጾም ልጅ ማታ ሺፍት ላይ ካለ ለማፍጠሪያ ሩብ ሰዓት ስጡት።

ሠራተኛ ሆነህ ይህን የምታነብ ከሆነ

አለቃህ ይህን አላነበበ ይሆናል። የደብተር አንድ ገጽ ውሰድና በየቀኑ የገባህበትንና የወጣህበትን ሰዓት ጻፍ። የቴሌግራም ትእዛዞቹን አታጥፋ። የጽሑፍ ውል ካልተሰጠህ፣ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራ ሁኔታህን የሚገልጽ የተፈረመ ደብዳቤ ሊሰጥህ ይገባል፣ ጠይቅ። ብቻህን ከመናገር ሦስት አራት ሆናችሁ በቀዝቃዛ ሰዓት፣ ለምሳሌ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ፣ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ቅረቡ። «ፕሮግራሙ ከ2 ሳምንት በፊት ይለጠፍልን» በሉ። ደመወዝን ከዚህ ጋር አትቀላቅሉት። ይህ ከተሳካ ሌላው ይከተላል። 10 ሰው ከሆናችሁ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ትችላላችሁ።

ያልተከፈለህ ትርፍ ሰዓት ካለ አትቆይ። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ይርጋ ይዘጋበታል። ደብተርህን ይዘህ በአካባቢህ ወዳለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሂድ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚያየውን ክፍል ጠይቅ። ከእጅህ ሳይወጣ የደብተሩን እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንሳ።